የነርሲንግ የተግባር ዶክትሬት ፋይዳ፦ ከጽኑ ወባ ሕክምና አንጻር

በነርሲንግ ሙያ የዶክትሬት ትምህርት ሁለት መልክ አለው። የምርምር ዶክትሬት አዲስ ዕውቀትን ይሻል፤ የተግባር ዶክትሬት ደግሞ የተረጋገጠው ዕውቀት ከሕሙማን አልጋ ዘንድ ለምን እንዳልደረሰ ይጠይቃል። ይህ ሁለተኛው መልክ በስፋት የታወቀው የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 የከፍተኛ ነርሲንግ ትምህርት በዚህ ማዕረግ እንዲሰጥ አቋም ከያዘ ወዲህ ነው።

ወባ ዋነኛ የጤና ችግር በሆነበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በ9 የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት፣ በጽኑ ወባ ከተያዙት መካከል በኩዊኒን ከታከሙት 10.9 በመቶ፣ በአርቴሱኔት ከታከሙት ግን 8.5 በመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። የምርምሩ ጥያቄ በዚህ ተመልሷል። ሆኖም የአርቴሱኔት መርፌ ሕፃኑ እንደገባ፣ ከዚያም በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት መሰጠት አለበት። ከቀትር በኋላ አሶሳ ሆስፒታል የደረሰ ሕፃን ሁለተኛ መርፌውን የሚጠብቀው ከሌሊት ተረኛ ነርስ ነው።

የተግባር ዶክትሬት ተማሪ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። በቅድሚያ የሕሙማንን ካርድ መርምሮ ሁለተኛው መርፌ በሰዓቱ መሰጠት አለመሰጠቱን ይለካል። መዘግየት ካለ መንሥኤው የተረኞች ርክክብ ጉድለት፣ የመድኃኒት አለመገኘት ወይም የክብደት አለመመዝገብ መሆኑን ከነርሶቹ ጋር ይለያል። አሠራሩ ከተሻሻለ በኋላም እንደገና ይለካል።

ከፍተኛ ማዕረግ ያገኘ ነርስ ወደ ቢሮ ከተዛወረ ዋርዱ ልምድ ያለውን ባለሙያ ያጣል። ስለዚህ የተግባር ዶክትሬት ፍሬ የሚያፈራው ተመራቂው በዋርዱ የሚቆይበት የሥራ መደብ ሲኖር ነው፤ መመዘኛውም የሌሊቱ መርፌ ሰዓቱን መጠበቁ ነው።