የስጦታ ኩዊልት

ኩዊልት ከሦስት ንብርብር የሚሠራ ሞቃት የአልጋ ልብስ ነው። ፊቱ ብዙውን ጊዜ ከልዩ ልዩ የጨርቅ ቁራጮች ተገጣጥሞ ይሰፋል፣ በመካከሉ ባዘቶ ይነጠፋል፣ ከሥሩም ገበር ይደረግለታል። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ስፌት ነው። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ኩዊልት ሰፍቶ ለሙሽራ፣ ለአራስ ልጅ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ጎረቤት ወይም ከመንደሩ ለሚርቅ ወዳጅ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዚህ መንገድ የሚሰጠውን ኩዊልት ነው።

ለኩዊልት የሚሆን የአማርኛ ስም አልተለመደም። በአሠራሩ ድሪቶ ይቀርበዋል፤ ሆኖም ድሪቶ ያረጀ ልብስ በእራፊ ላይ እራፊ እየተደረተ የሚደርስበትን የችግር መልክ ስለሚያስታውስ ለስጦታ የሚመች ስም አይደለም። በትርጉሙ ግን ኩዊልት ለጋቢ ይቀርባል። እናት ጥጡን ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ አሠርታ ለልጇ የምታለብሰው ጋቢ በገበያ ዋጋ አይገመትም፤ ኩዊልትም እንዲሁ ነው።

አሠራር

ለፊቱ የሚመረጠው በአብዛኛው የጥጥ ጨርቅ ነው። አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ሊሰበሰብና ቀለሙን ሊለቅ ስለሚችል ብዙ ሰፊዎች ከመቁረጣቸው በፊት ያጥቡታል። ቁራጮቹ መጀመሪያ ተገጣጥመው አራት ማዕዘን ክፍል ይሆናሉ፤ የተለመደው ክፍል በየጎኑ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ቁራጭ ሲጋጠም ለስፌት የሚተወው ጠርዝ ሩብ ኢንች (6 ሚሊ ሜትር ገደማ) ነው። ይህን ልክ መጠበቅ ግድ ነው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ትርፍ የወሰደ ሰው አሥር መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያጣል፣ ክፍሎቹም አይገናኙለትም። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ፊቱ ሲያልቅ ገበሩ ተዘርግቶ ባዘቶው ይነጠፍበታል፣ ፊቱም ከላይ ይደረብበታል። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ለጊዜው በላላ ስፌት ወይም በመርፌ ቁልፍ ይያያዛሉ። በፍሬም ላይ ካልተወጠረ በቀር ዋናው ስፌት ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ከዳር ከተጀመረ ጨርቁ መካከል ላይ ይጨማደዳል። ስፌቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ባዘቶው በእጥበት ጊዜ ወደ አንድ ወገን እንዳይሰበሰብ ይይዘዋል፤ በድሮ ኩዊልቶች ላይ የስፌቱ መሥመሮች የተቀራረቡት በከፊል ለዚህ ነው። ጎበዝ የእጅ ሰፊ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ8 እስከ 12 ስፌት ትጥላለች። በመጨረሻ ዳሩ በጠባብ ጨርቅ ይቀመቀማል።

ጊዜ ሲያጥር ደግሞ በመሥመር ከመስፋት ይልቅ በየተወሰነ ርቀት ወፍራም ክር አሳልፎ መቋጠር ይቻላል። የጥጥ ፍራሽም በተመሳሳይ መንገድ ይያዛል። ሜኖናይት ሴንትራል ኮሚቲ የተባለው የእርዳታ ድርጅት በፈቃደኞች እያሠራ ለስደተኞችና ለተፈናቀሉ ሰዎች ከሚልከው ውስጥ ብዙው እንዲህ የተቋጠረ ነው።

በጋራ መስፋት

ፊቱን አንዲት ሴት ማታ ማታ ብቻዋን ልትጨርሰው ትችላለች። ሦስቱን ንብርብር መስፋት ግን አድካሚ በመሆኑ ጎረቤቶች ይጠሩ ነበር። ይህ ስብሰባ ኩዊልቲንግ ቢ ይባላል፤ አሠራሩም ከደቦ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጠሪዋ ምግብ ታዘጋጃለች፣ የተጠሩት ጉልበታቸውን ይሰጣሉ፣ እሷም በተራዋ ሄዳ ትሰፋለች። ጨርቁ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠርና ሴቶቹ በዙሪያው ተቀምጠው እያንዳንዷ በፊቷ ያለውን ትሰፋለች፤ የተሰፋው በእንጨቱ ላይ እየተጠቀለለ ያልተሰፋው ይቀርባል። የአንዷ ስፌት ረጅም፣ የሌላዋ ደቃቅ ስለሚሆን በብዙ እጅ የተሠራን ኩዊልት ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ማን የት ላይ ተቀምጣ እንደነበር መለየት ይችላል።

ስለ ኩዊልት የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰፋሪዎች ከድህነት የተነሳ ከእራፊ ይሰፉት ነበር የሚለው ተረት ነው። ጨርቅ ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ኩዊልት ይበልጡን የባለጸጋ ቤት ዕቃ ነበር። ከቁራጭ የሚሰፋው የተስፋፋው ፋብሪካዎች ርካሽ የጥጥ ጨርቅ ማምረት ከጀመሩ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ስም የተጻፈባቸው ኩዊልቶች

ለስጦታ ከተሠሩት መካከል ከሁሉ የበለጠ መታየት የሚገባቸው የወዳጅነት ኩዊልቶች ናቸው። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በፔንሲልቬኒያ፣ በኒው ጀርሲና በሜሪላንድ ከተለመዱ በኋላ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመቱ። እያንዳንዱን ክፍል የተለያየ ሰው ይሠራዋል፣ ስሙም በመካከሉ በቀለም ይጻፋል ወይም በክር ይጠለፋል። አንዳንዶች ቀንና መኖሪያ፣ ሌሎችም አጭር ግጥም ይጨምሩ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የብረት ቅልቅል ያለበት የጽሕፈት ቀለም እያደር ጨርቁን ይበላው ስለነበር፣ ጨርቅ የማይጎዳና በእጥበት የማይለቅ ቀለም ገበያ ላይ መዋሉ ልማዱን ረድቶታል።

ተቀባዩ ሙሽራ ወይም ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚዛወር ሰባኪ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ወደ ምዕራብ ለመስፈር የሚሄድ ቤተሰብ ነበር። ባቡር በዚያ አቅጣጫ ገና አልተዘረጋም፤ የሄደ ሰው የመመለሱ ነገር ያጠራጥር ነበር። የቀሩት ጎረቤቶች፣ እህቶችና አክስቶች ስማቸውን ጽፈው አብረው ይልኩታል፤ ሄዳጇም በእነሱ ስም ተሸፍና ታድራለች።

የእነዚህ ኩዊልቶች ጥቅም ከሰፊዎቹ ሐሳብ አልፎ ሄዷል። እ.ኤ.አ. እስከ 1840 በተደረጉት የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራዎች በስሙ የሚመዘገበው የቤተሰቡ ኃላፊ ብቻ ነበር። ሚስት፣ ሴት ልጅና አብራ የምትኖር እናት በየዕድሜ ክልላቸው በቁጥር ብቻ ይገቡ ነበር። ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ መመዝገብ የጀመረው በ1850 ነው። ስለዚህ በ1840ዎቹ በአንድ መንደር ማን ማን ትኖር እንደነበር ለሚፈልግ ሰው፣ አንድ የአልጋ ልብስ ከመንግሥት መዝገብ የተሻለ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በጦርነት ጊዜ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስም የመጻፉ ልማድ ለቀይ መስቀል ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆነ። ሰው ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ስሙ በኩዊልቱ ላይ ይጠለፍለታል፤ ያለቀውም ብዙ ጊዜ በጨረታ ይሸጥ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የካናዳ ሴቶች በቤታቸውና በቤተ ክርስቲያን አዳራሾች እጅግ ብዙ ኩዊልት ሰፍተው በቀይ መስቀል በኩል ወደ ብሪታንያ ላኩ። የተሰጠውም በአየር ድብደባ ቤታቸው ለፈረሰባቸውና ለሆስፒታሎች ነበር። ከዳሩ የካናዳ ቀይ መስቀል ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ትንሽ መለያ ተሰፍቶበታል። የሰፊዋ ስም ግን በአብዛኛው የለም። ዛሬ በብሪታንያ በየቤቱ የተረፉትን የሚሰበስቡ ሰዎች የትኛው ከየት መንደር እንደመጣ ለማወቅ ያለባቸው ችግር ይኸው ነው።

በዘመናችን

እ.ኤ.አ. በ2003 ካትሪን ሮበርትስ የተባለች፣ ልጇ ኢራቅ ዘምቶ የነበረ ሴት፣ ኩዊልትስ ኦፍ ቫለር የተባለውን እንቅስቃሴ ጀመረች። በፈቃደኞች የተሰፋ ኩዊልት በጦርነት ለተነካ ወታደር በትከሻው ላይ ይለበስለታል፤ እስከ ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ተሰጥቷል። በ1995 የተጀመረው ፕሮጀክት ላይነስ ደግሞ ለታመሙና አደጋ ለደረሰባቸው ልጆች ኩዊልትና ብርድ ልብስ ይሰጣል። አሁን ብዙው ስፌት በመኪና ነው፤ አንዳንዶች ይህን ቢነቅፉም ሕፃኑ ግን የሚሞቀው እኩል ነው።

መለያና አያያዝ

ልምድ ያላቸው ሰፊዎች በገበሩ ጥግ ላይ የሰፊውን ስም፣ የተቀባዩን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን የያዘ መለያ እንዲሰፋ ይመክራሉ። ሌላው ሁሉ አምሮ ይህ ሲቀር ኩዊልቱ ከአንድ ትውልድ በኋላ ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ይሆናል።

ተቀባዮች አብዛኛውን ጊዜ ስጦታውን አክብረው ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ይህ ሰፊዋን ቅር ያሰኛታል፤ የሠራችው እንዲለበስ ነው። በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ በአግድም ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ታንጠልጥሎ ከደረቀ የውኃው ክብደት ስፌቱን ይበጥሰዋል። የግድ የሚቀመጥ ከሆነም በጥጥ ጨርቅ እንጂ በፕላስቲክ አይጠቀለልም፤ ሁልጊዜ በአንድ መሥመር የታጠፈ ጨርቅ በዚያው መሥመር ስለሚሰነጠቅ በዓመት አንድ ሁለቴ ተፈትቶ በሌላ በኩል መታጠፍ አለበት።