ከመሬት በታች የተረፈች ከተማ

በ1928 ዓ.ም. ደሴን ከሰማይ በቦምብ የደበደበው የሙሶሊኒ አየር ኃይል፣ ከኢትዮጵያ ወረራ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ስፔን ተሻገረ። በዚያች አገር በ1936 (የስፔኑ ታሪክ ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጄኔራል ፍራንኮና ግብረ አበሮቻቸው በሪፐብሊኩ መንግሥት ላይ አምፀው የእርስ በርስ ጦርነት ተቀስቅሶ ነበር። ለፍራንኮ የወገኑት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከማዮርካ ደሴት እየተነሡ ባርሴሎናን ይደበድቡ ጀመር። የባርሴሎና ሰው ግን የሚሸሸግበት ጉድጓድ ነበረው። ጉድጓዱንም በብዛት የቆፈረው ራሱ ነው።

ዶማና አካፋ

በጦርነቱ ዘመን በከተማይቱ 1,400 ያህል መጠለያዎች ተሠርተዋል ወይም ተጀምረዋል። በ1937 የተቋቋመው የካታሎኒያ የሲቪል መከላከያ አካል ንድፍና መሐንዲስ ሲያቀርብ፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን በአብዛኛው ያዋጣው የየሰፈሩ ነዋሪ ነበር። ጎልማሶቹ ወንዶች ጦር ሜዳ ስለ ነበሩ ዶማና አካፋ ያነሡት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ናቸው።

ዛሬ ሙዚየም ሆኖ የሚጎበኘው 307 ቁጥር መጠለያ በሞንጁይክ ኮረብታ ግርጌ፣ ፖብሌ ሴክ በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ይገኛል። ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ፣ ጣሪያው በጡብ የተቀለሰ ዋሻ ነው። የፍንዳታው ግፊት በቀጥታ እንዳይዘልቅ መግቢያው ተጠማዞ ተሠርቷል። ሽንት ቤት፣ የመጠጥ ውሃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍልና የልጆች ማረፊያም ነበረው። በጨለማና በጭንቀት የታጨቀ ሰው እንዳይጣላ ደግሞ የፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር የተከለከለ ነበር።

ምድር ቤት ሁሉ መጠለያ አይደለም

ጥር 30 ቀን 1938 በሳን ፌሊፔ ኔሪ አደባባይ የወደቀ ቦምብ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተጠለሉትን ጨምሮ 42 ሰዎችን ገደለ። የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። ጥልቅ ዋሻና ተራ ምድር ቤት አንድ አለመሆናቸውን ከተማይቱ በልጆቿ ሞት ተማረች።

ከዚያ በመጋቢት 16፣ 17 እና 18 ሙሶሊኒ ባዘዘው ድብደባ አውሮፕላኖቹ በየጥቂት ሰዓቱ እየተመላለሱ ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ፈጁ። ሳይረኑ ሲጮኽ ድብደባው መጀመሩ ይሁን ማብቃቱ ሕዝቡን ግራ ያጋባ ነበር። መጠለያዎቹ ባይኖሩ እልቂቱ ከዚህ በብዙ በባሰ ነበር።

ከባርሴሎና መጠለያ ሠሪዎች ዋነኛው መሐንዲስ ራሞን ፔሬራ፣ ከተማይቱ በ1939 በፍራንኮ እጅ ስትወድቅ ተሰድዶ እንግሊዝ ገባ። ዕውቀቱን ይዞ ቢመጣም የእንግሊዝ መንግሥት ጥልቅ የጋራ መጠለያን አልተቀበለም። ወጪው ከባድ ነው፣ ሕዝቡም አንዴ ከገባ አይወጣም የሚል ሥጋት ነበረ። በጓሮ የሚተከል የቆርቆሮ መጠለያ ታደለ። በ1940 መስከረም ቦምብ ሲዘንብ ግን የለንደን ሕዝብ በራሱ ጊዜ ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ወረደ።

ሳይረኑን ማን ይንፋ?

እኛስ? ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በረቡዕ የገበያ ቀን፣ የደርግ አውሮፕላኖች ሐውዜንን ደበደቡ። የሟቾቹ ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,500 ይገመታል። ልክ በ33 ዓመቱ፣ ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በዚያው በትግራይ የቶጎጋ ገበያ ከአየር ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። መንግሥት ዒላማው ታጣቂዎች ነበሩ ቢልም፣ ከሞቱትና ከቆሰሉት መካከል ገበያተኞችና ሕፃናት ነበሩ።

በእርስ በርስ ጦርነት ትልቁ ችግር ይህ ነው። ሳይረን መንፋት የሚገባው መንግሥትና አውሮፕላኑን የሚልከው መንግሥት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ታጋዩ በናቅፋ ተራሮች ምሽግ ቆፍሮ፣ በኦሮታ ሸለቆም ሆስፒታሉን ከአውሮፕላን ዓይን ሰውሮ ከርሟል። እህሏን ተሸክማ ገበያ የወጣች እናት ግን ማን ቆፈረላት?

ፖብሌ ሴክን ያዳነው የጎረቤት መዋጮና ሳይረኑ ሳይጮኽ የተነሣ ዶማ ነው። ሐውዜንና ቶጎጋ ያንን ዕድል አላገኙም። ስለዚህ በየተሰደድንበት አገር ስለ ሰላም ስንሰበሰብ፣ የየወገናችንን ሰማዕታት ከመቁጠር አልፈን አንድ ነገር በአንድ ድምፅ እንጠይቅ፤ ማንም ይግዛ ማን፣ በገበያ ላይ አውሮፕላን የሚያዝ ሰው በሕግ ይጠየቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት ይህን ነው።