ኮምፒዩተሩን የሚመርጠው ካሜራው ነው

ለቪዲዮ ቅንብር፣ በተለምዶ አጠራሩ ለኤዲቲንግ፣ የሚሆን ኮምፒዩተር ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየመረጡ በራስ እጅ መገጣጠም ከሩቅ ሲያዩት እንደሚመስለው ከባድ የምህንድስና ሥራ አይደለም፤ ክፍሎቹ በየመሰኪያቸው ልክ ተሠርተው ስለሚወጡ የመገጣጠሙ ድካም በአንድ ካቻቪቴ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስከ ማታ የሚያልቅ ነው። ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ምርጫ ሲሆን፣ ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በጀታቸው ከሚችለው ትልቁ ፕሮሰሰር ወይም ሰው ካሞገሰላቸው ግራፊክስ ካርድ ነው። ኮምፒዩተሩ ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ግን ካሜራው ከጻፈው ፋይል ጋር ስለሆነ፣ ካሜራው ምን ዓይነት ፋይል እንደሚጽፍ ሳይጣራ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በግምት የተገዛ ነው።

የፋይሉን ጠባይ ለመረዳት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። ፎር ኬ የሚባለው ምስል በወርድ 3,840፣ በቁመት 2,160 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት፤ ይህም በአንድ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮውን ከሚሠሩት ተከታታይ ምስሎች በአንዱ፣ 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ቢይዝ አንዱ ፍሬም 25 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀዳ ካሜራም በየሰከንዱ 620 ሜጋባይት ያህል መጻፍ ይኖርበታል። ይህን ተራ ሜሞሪ ካርድ ስለማይችለው ካሜራዎች ምስሉን ጨምቀው ይጽፋሉ፤ የመጨመቂያውና የመፍቻው ሥርዓት ኮዴክ ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ኮዴኮች እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264 እና እ.ኤ.አ. በ2013 የተከተለው ኤች 265፣ በሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ፣ ናቸው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ የሚጽፈው 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ካልተጨመቀው ጋር ሲነጻጸር ሃምሳ እጅ ያህል አንሷል።

የዚህ ቁጠባ አንዱ ዋና ምንጭ ኮዴኩ ሙሉውን ምስል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ብቻ መሆኑ ነው። በመካከል ያሉት ፍሬሞች ከጎረቤቶቻቸው የተለወጠውን ብቻ ስለሚይዙ አሠራሩ የባለ ሱቅን የዱቤ ደብተር ይመስላል፤ ደንበኛው በአንድ የተወሰነ ቀን ስንት ዕዳ እንደነበረበት ለማወቅ ድምሩ ወደ ተጻፈበት ገጽ ተመልሶ፣ ከዚያ ወዲህ የወሰደውንና የከፈለውን አንድ በአንድ ማስላት ግድ ይሆናል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ችግር የለውም፤ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ በቅደም ተከተል ይሄዳልና። ኤዲተር ግን ይዘላል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ይቆርጣል፣ ሦስት ካሜራ ጎን ለጎን ከፍቶ ያመሳክራል፤ ማውሱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ኮምፒዩተሩ የቅርቡን ሙሉ ፍሬም ፈልጎ፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ ተፈለገው ፍሬም ያለውን ሁሉ መፍታት ይኖርበታል። በዲስክ ላይ ትንሽ ቦታ የያዘ ፋይል ማሽኑን የሚያንገዳግደው ለዚህ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ፕሮሬስ በተቃራኒው መንገድ ሄዶ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ይጨምቃል፤ ፋይሉ ብዙ እጥፍ ቢገዝፍም ለቅንብር እጅግ ይቀላል።

ዘመናዊ ፕሮሰሰሮችና ግራፊክስ ካርዶች ለዚሁ መፍታት ብቻ የተሠራ ክፍል በውስጣቸው ይዘዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ኩዊክ ሲንክ በሚል ስም በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ያስገባው አንዱ ሲሆን፣ ኤንቪዲያና ኤኤምዲም የየራሳቸው አላቸው። ክፍሉ ፈጣን የሚሆነው ግን አስቀድሞ የተሠራለትን የፋይል ዓይነት ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ካላገኘ ሥራው ሁሉ በፕሮሰሰሩ ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ ምስሉም መንተፋተፍ ይጀምራል። ብዙ ገዢዎች የማያዩት ወጥመድም እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ስልኮችና ዋጋቸው ዝቅ ያለ ካሜራዎች የሚቀዱት 4:2:0 በሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት አራት ነጥቦች አንድ የቀለም መረጃ ይጋራሉ፤ 4:2:2 በሚባለው ደግሞ የሚጋሩት ሁለት ነጥቦች ብቻ በመሆናቸው የቀለም ማስተካከያ ሥራ ብዙ ነጻነት ያገኛል። እንደ ሶኒ ኤ7ኤስ 3 እና እንደ ካነን አር5 ያሉ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡ፣ ካሜራዎች 4:2:2ን በ10 ቢት መቅዳት ይችላሉ። ይሁን እንጂ የኤንቪዲያ ካርዶች እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው የ50 ተከታታይ በፊት 4:2:2ን በራሳቸው መፍታት አይችሉም ነበር፤ በአንጻሩ የኢንቴል የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ፣ አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ያላቸው ከሆኑ፣ ኤች 265 ሆኖ የተቀዳውን 4:2:2 ያለ ጭንቀት ይፈቱታል።

ከዚህ የተነሣ በጣም ውድ የ40 ተከታታይ ካርድ የገዛ ሰው እየተንተፋተፈበት፣ መካከለኛ ኮር አይ 5 የያዘው ጎረቤቱ ተመሳሳዩን ፋይል በለስላሳው ሊያጫውት ይችላል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስም መጨረሻ ላይ የሚገኘው ኤፍ የሚለው ፊደል አብሮ የተሠራው ግራፊክስ እንደሌለ ያመለክታል፤ 12400 እና 12400ኤፍ በዋጋ ትንሽ ቢለያዩም ለኤዲተር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ያለ ኤፍ የተገዛውም ቢሆን ግራፊክስ ካርድ ሲሰካ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ በራሱ ሊጠፋ ስለሚችል፣ በባዮስ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፍተው የማስተካከያ ገጽ፣ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። በስልክና በ4:2:0 ብቻ የሚቀዳ ሰው ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት አይመለከተውም፤ ማንኛውም የቅርብ ዘመን ካርድ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሶፍትዌሩ ጉዳይ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የቀለም ሥራን፣ የምስል ጉርብጥብጥ ማጽዳትንና ኢፌክቶችን በአብዛኛው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ሲሠራ፣ አዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ ከፕሮሰሰሩ የሚጠብቀው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። የሪዞልቭ ነጻ እትም እስከ 3,840 በ2,160 ድረስ ኤክስፖርት ስለሚያደርግ፣ ማለትም ያለቀውን ሥራ እንደ አዲስ ቪዲዮ ጽፎ ስለሚያወጣ፣ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ቢሆንም፣ በካርድና በፕሮሰሰር ውስጥ ባለው መፍቻ የመጠቀም አቅሙ የተገደበ ነው፤ ስለዚህ ከባድ ፋይል የሚቀዳ ሰው አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚያበቃውን ስቱዲዮ እትም በበጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ቢያስገባው ይሻላል። በካርዱ ምርጫ ላይ ከፍጥነቱ በፊት መታየት ያለበት በላዩ ያለው የራሱ ሜሞሪ ነው፤ ይህ ሜሞሪ ሲሞላ ሪዞልቭ ቀስ ከማለት ይልቅ የግራፊክስ ሜሞሪው ሞልቷል የሚል መልእክት አውጥቶ ሊቆም ይችላል። ለፎር ኬ 8 ጊጋባይት የመጨረሻው ዝቅተኛ ወለል ነው ቢባል፣ 12 ጊጋባይት የተሻለ ነው፤ በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ፣ በጨዋታ ፍጥነት ከሚበልጡት አንዳንድ ባለ 8 ጊጋባይት ካርዶች ይልቅ ለኤዲተር ይመቻል።

ስለ ማዘርቦርድ፣ ማለትም ክፍሎቹ ሁሉ ስለሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ዋናው ነገር ሶኬቱ ከፕሮሰሰሩ፣ የራም ዓይነቱም ከሚገዛው ራም ጋር መግጠሙ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያስተዋወቀው ኤኤም5 የሚባለው ሶኬት ከአንድ በላይ የፕሮሰሰር ትውልዶችን ስላስተናገደ፣ ወደፊት ፕሮሰሰር ብቻ ለመቀየር ለሚያስብ ሰው ይመቻል። ያገለገለ የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ከፍተኛ ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት፤ ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ ምክንያት እየተጎዱ የሚበላሹ እንደነበሩ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ የባዮስ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ማስተካከያው ደግሞ ቀድሞ የደረሰን ጉዳት አይመልስም።

ራም፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ ለፎር ኬ 32 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ባለ 32 ከመግዛት ሁለት ባለ 16 መግዛት የሚሻለው፣ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ነው፤ አራት መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ ራሞች የሚገቡት በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የታችኛው ጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥ የተለያየ ቦታ ላይ በመሆኑ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም፤ አልገባ ያለን ራም በኃይል መጫን ማዘርቦርዱን መስበር ነው።

በማከማቻ በኩል ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል። በሁለት ካሜራ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት፣ ስምንት ሰዓት የተቀዳ አንድ ሰርግ ቢወሰድ፣ አንዱ ሰዓት 45 ጊጋባይት ስለሆነ በድምሩ 720 ጊጋባይት ይወጣዋል። ሁለቱንም ካሜራ በአንድ ላይ ለማጫወት የሚፈለገው ግን በሰከንድ 25 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ያህል የሚያነብ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ እንኳ ብዙ እጥፍ ይተርፈዋል። ስለዚህ በሰከንድ ከአሥር ሺህ ሜጋባይት በላይ የሚያነብ አዲስ ኤንቪኤምኢ ዲስክ የሚጠይቀው ተጨማሪ ዋጋ ለእንዲህ ያለ ሥራ ምንም አይጨምርም። መካከለኛ ፍጥነት ያለው ባለ አንድ ወይም ሁለት ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ለዊንዶውስና በእጅ ላለው ሥራ፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለተጠናቀቀው ይበቃል፤ የተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ቢገዛ፣ የሙሽሮቹ ቪዲዮ በአንድ ዲስክ ብልሽት ከመጥፋት ይድናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ኮምፒዩተር ኃይልና ሙቀት የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መብራት በድንገት ሲሄድ የሚጠፋው የሰዓታት ኤክስፖርት ብቻ ሳይሆን እየተጻፈበት ያለ ዲስክም ሊሆን ስለሚችል ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን እንደ አንድ የኮምፒዩተሩ ክፍል ሊቆጠር ይገባዋል። ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ኃይል ከመስመሩ እንደሚመጣው ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ የተሠራ በመሆኑ፣ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች በዚያች ቅጽበት ይጠፋሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ፑር ሳይን ዌቭ የሚል መኖሩን ማየት ያዋጣል። ፓወር ሰፕላይ ራሱ ስም ካለው አምራች፣ ካርዱ ከሚጠይቀው በላይ ትርፍ ዋት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ገመዶቹ የሚነቀሉ ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይን ገመድ በእርሱ ላይ መሰካት ዲስክ ሊያቃጥል ይችላል፣ መሰኪያው ቢመሳሰልም የውስጥ ሽቦው አቀማመጥ አንድ አይደለምና።

ሙቀትን በተመለከተ ደግሞ የከተማው ከፍታ ራሱ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቬንትሌተር ያንኑ ያህል ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ፊቱ በመስታወት ከተደፈነ ኬዝ ይልቅ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አቧራ ማጣሪያው ወጥቶ የሚታጠብ ኬዝ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በድሬዳዋና በሰመራ ደግሞ አየሩ ያን ያህል ባይሳሳም ክፍሉ ራሱ ስለሚሞቅ ምክሩ አይለወጥም።

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ስለከበደ፣ ብዙዎች ክፍሎቹን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ያስመጣሉ። ለፕሮሰሰርና ለራም ይህ መልካም መንገድ ነው፤ ትንንሽ ናቸው፣ ሲበላሹም ብርቅ ነው። ማዘርቦርድ ግን ብልሽት የሚበዛበት፣ ዋስትናውም ሻጩ ባለበት አገር ብቻ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ጥቂት ጨምሮ እዚሁ ቢገዛ የተሻለ ነው። በጀቱ ጨርሶ ካልበቃ ደግሞ ፕሮክሲ የሚባለው ዘዴ አለ፤ ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ከባድ ፋይል በጥራት ዝቅ ያለ ቀላል ቅጂ ሠርቶ ኤዲተሩ በእርሱ ላይ ሲቆርጥ ይቆይና ኤክስፖርት ሲደረግ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። ቅጂዎቹ እስኪሠሩ ሌሊቱን መጠበቅ ቢጠይቅም፣ ይህን ዘዴ የለመደ ኤዲተር ከአምስት ዓመት በፊት በተሠራ ማሽን ላይ ፎር ኬን ያለ ጭንቀት ይሠራል።

ተገጣጥሞ ሲበራ ምስል እምቢ ካለ፣ ከብልሽት በፊት የሚፈተሸው የሞኒተሩ ገመድ ነው፤ ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ከማዘርቦርዱ ጋር መያያዙ የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚያም በባዮስ ውስጥ ራሙ በተገዛበት ፍጥነት እንዲሠራ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለውን ማብራት ያስፈልጋል፤ ካልተበራ ራሙ ከተከፈለበት ባነሰ ፍጥነት ይሠራል። የመጨረሻው ፈተና የራስ ካሜራ የቀዳው ረጅም ፋይል ነው፤ ኢፌክት ተጨምሮበት፣ ኬዙ ተዘግቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ኤክስፖርት ሲደረግ ማሽኑ ካልጠፋና የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከገደቡ ካላለፈ ዕቃው ደኅና ነው፤ ይህም ሻጩ ለመመለስ የሰጠው ቀን ሳያልፍ መደረግ አለበት።