ከቤት ጥራጊ የሚገኝ ማዳበሪያ

የአትክልት ልጣጭ፥ የቡና አተላ፥ የጓሮ ሣርና ቅጠል በየቤቱ ጥራጊ ተብሎ ይጣላል፤ ነገር ግን የመሬት ምግብ ነው። ፍጉም ኩበት ሆኖ ስለሚነድ የእርሻው ኃይል ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ይሄዳል።

ስለዚህ ባለጓሮ ሁሉ ውሃ በማይተኛበት ጥላ ሥር ጉድጓድ ይቆፍር። ከታች ጭራሮ አንጥፎ፥ በላዩ ደረቅ ገለባ፥ እርጥብ ጥራጊ፥ ጥቂት ፍግና አፈር እያፈራረቀ ይደልድል፤ ውሃ አርከፍክፎም ይክደነው። በየሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ ያሻል። ሥጋ፥ አጥንትና ላስቲክ ግን አይግባበት። ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሞላው ጠቁሮ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል።

በትግራይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ይህን የሞከሩ ገበሬዎች ምርታቸው ጨምሯል። እንግዲህ በገንዘብ የሚገዛውን ማዳበሪያ ከመመኘታችን በፊት ከደጃችን የሚጣለውን መሰብሰብ ይገባናል።