በጣሪያችን ላይ የሚያርፈው ብርቅ ወፍ

ብርቅ ወፍ ታየ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚልከው ወደ ሩቅ አገር ነው፤ ብርቅ የሆነው ነገር ሁሉ በጥልቅ ዱር ወይም በከፍተኛ ተራራ ብቻ የሚገኝ ይመስለዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንገልጸው ግን በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በቤታችን ጣሪያ ላይ እያረፈ ብርቅነቱን ስላላወቅንለት ወፍ ነው።

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም፣ እንደሚነገረው፣ ያለ ሽቦ በነፋስ ቃል ያደርስ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ የመጣ ነው። ወፎችም በነፋስ እየመጡ ስለ አገሩ ውሃ፣ ስለ ዛፉና ስለ አየሩ ብዙ ነገር ያስታውቁናል። ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገው ትዕግሥትና አስተዋይ ዐይን ነው።

ማለዳ ተነሥቶ በመካኒሳ ወይም በላፍቶ ትንሹን አቃቂ ወንዝ ተከትሎ የሄደ፣ ወይም ዛፍ በበዛበት ግቢ በጸጥታ የተቀመጠ ሰው፣ የውጭ አገር ወፍ ተመልካቾች ባሕር ተሻግረው የሚመጡላቸውን ወፎች ለማየት ዕድል አለው። ከነዚህም አንዱ ምንቃሩ ወደ ታች የጎበጠ፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ሲበር በታላቅ ድምፅ የሚጮኸው ትልቅ ወፍ ነው። ሁለተኛው በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት የደጋ እርግብ ነው። ሦስተኛው ምንቃሩ እጅግ የወፈረው ቁራ ነው። አራተኛውም ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን ነው። እነዚህ አራቱ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በዱር አይገኙም።

ነገር ግን ከነዚህ ከአራቱ ይልቅ በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት ሌላ ወፍ አለ፤ እርሱም ማንም የማይደነቅበት ጥንብ አንሳ ነው። በተለይም በከተማችን የሚበዛው ትንሹ ዓይነት፣ ምንቃሩ ቀጭን፣ ፊቱ ላባ የሌለበትና ቀላ ያለ፣ ከራሱ በስተኋላ እንደ ቆብ ያለ ለስላሳ ጠጕር የሸፈነው ነው። በቄራ አካባቢ፣ በሥጋ ቤቶች ጣሪያና በረዣዥም ዛፎች ላይ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል። የተፈጥሮ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ. ም. ይህን ወፍ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መዝግቦታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ በከተማችን የምናየው ወፍ እንዴት ብርቅ ይባላል? ምክንያቱ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ቁጥሩ በፍጥነት በመቀነሱ ነው። ለአውሬ ወይም ባለቤት ለሌለው ውሻ ተብሎ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ አንድ መንጋ በአንድ ቀን ይፈጃል። በምዕራብ አፍሪካም ለባህል መድኃኒት እየታደነ ይሸጣል። ወፉ የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ስለ ሆነ የሞተውን ቶሎ ለመተካት አይችልም።

ጥንብ አንሳ የሚለውን ስም ሰውን ለመናቅ ስናውለው እንኖራለን። ነገር ግን ስሙ የሚናገረው የሠራውን ሥራ ነው፤ ጥንቡን ከመንገድና ከሜዳ አንሥቶ አየሩን ያነጻልና። እርሱ ሲጠፋ የሚሆነውን ሕንድ አይታዋለች። በዚያ አገር ኬኦላዴኦ በሚባለው የተጠበቀ ስፍራ ቪቡ ፕራካሽ የተባሉት የወፍ ዐዋቂ ጎጆዎችን ይቈጥሩ ነበር፤ በ1980ዎቹ ብዙ የነበሩት ጎጆዎች በ1990ዎቹ እጅግ እንዳነሱ አስተዋሉ። በኋላም በመላው አገር ሦስት ዓይነት ጥንብ አንሶች ከ100 እጅ ከ95 እጅ በላይ እንደ ጠፉ ታወቀ። ምክንያቱም ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት እንደ ሆነ በ2004 ተገለጠ፤ መድኃኒቱ ያለበትን የከብት ሬሳ የበላ ወፍ ኵላሊቱ ተበላሽቶ ይሞት ነበር። ሕንድ በ2006 መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። እስከዚያ ድረስ ግን ሬሳው በየሜዳው ቀርቶ ውሾች በዝተው ነበር፤ ከነርሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ አደጋ ጨመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ብርቅ ወፍ ታየ ብሎ የሚያስታውቅ ሰው ምስጋና ሲገባው፣ የተለመደውን ወፍ ቈጥሮ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ከእርሱ ያላነሰ ሥራ መሥራቱን ነው። ያልተቈጠረ ነገር ሲጎድል ማን ያውቅበታል?

በእኛም አገር አስተዋይ ዐይን ያደረገው ነገር አለ። ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ ከኢትዮጵያና ከደቡብ አፍሪካ በቀር እምብዛም የማትታየው፣ ለብዙ ዓመታት ከጠፋች በኋላ በ1990ዎቹ በሱሉልታና በበርጋ ረግረግ እንደገና ተገኘች። በክረምት መጥታ በረዥሙ ሣር ውስጥ ትሰወራለች፤ በዓለም ላይ ያሉት ትልልቆቹ ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ፈልገው ያገኟት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ረግረጉን ለእርስዋ ሲል የሚጠብቅ ባልተገኘም ነበር።

በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ለወፎች እጅግ የሚያስፈልጉ 69 ስፍራዎችን ዘርዝሮ በመጽሐፍ አሳትሟል። ከነዚህም አንዱ ትንሹ አቃቂ የሚፈስስበት የአባ ሳሙኤል ረግረግ ነው። ስለዚህ በመካኒሳ ወንዝ የተጣለ ቆሻሻ መድረሻው ከሩቅ አገር የመጡ ወፎች የሚከርሙበት ውሃ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ከልጆቻችሁ ጋር ይህን ሥራ በቤታችሁ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስፍራውን ጻፉ፤ ስንት ወፍ እንደ ነበረና ምን ያደርግ እንደ ነበረ ጨምሩ። መልኩን ስትጽፉ ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ፤ ያልታወቀውንም አልታወቀም ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። ልጁ አምስት ያየውን አሥር ነው ቢላችሁ፣ በቍጣ ሳይሆን እንደገና አብራችሁ በመቍጠር አርሙት። ከፍ ያለ ፍላጎት ያደረበት ሰው ደግሞ ኢበርድ ለተባለው ዓለም አቀፍ የወፍ መዝገብ ያየውን ሊልክ ይችላል፤ በዚያም ያልተለመደ ወፍ አየሁ ያለ ሰው ማስረጃውን እንዲገልጽ ይጠየቃል።

ከዚህም ጋር ልጆች በጥንብ አንሳ ጎጆ ላይ ድንጋይ እንዳይወረውሩ ምከሩ። በግቢያችሁ ያለውን ያረጀ ረዥም ዛፍ ከመቍረጣችሁ በፊት ጎጆ ያለበት እንደ ሆነ ቀና ብላችሁ እዩ። መርዝ ያለበትን ሥጋም በማናቸውም ምክንያት ወደ ውጭ አትጣሉ።

ልጆቻችን አድገው የዛሬውን ደብተር ሲገልጡ፣ ከዚህ ጣሪያ ላይ ሰባት ጥንብ አንሶች ተቀምጠው ነበር የሚል ጽሑፍ ያገኙ ይሆናል። ያን ጊዜ ቀና ብለው ሰባቱን ወይም ከሰባት የሚበልጡትን ቢያዩ ደስታቸው ታላቅ ነው፤ ጎድለው ቢያገኙአቸውም ጊዜ ሳያልፍ ምክንያቱን ለመጠየቅ ይችላሉ።