ከማሽኑ በፊት ደም ሥሩ

ስለ ዲያሊሲስ ሲወራ ሁላችንም የሚታየን ማሽኑ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ደሙ ከሕመምተኛው ወጥቶ ወደ ማሽኑ የሚሄድበትን በር ነው። በሩ ከተበላሸ ማሽን ቢደረደርም ዋጋ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩላሊትን ተክቶ ለማጠብ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም መውጣትና መመለስ አለበት። ተራ የክንድ ደም መልስ ይህን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያትል ውስጥ ስክሪብነር የተባለ ሐኪም ደም ቅዳንና ደም መልስን ከቆዳ ውጭ በቴፍሎን ቱቦ አገናኘ። በ1966 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ብሬሺያ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ቱቦውን ትተው ሁለቱን እርስ በርስ ስለመስፋት ጻፉ። የደም ቅዳው ግፊት ደም መልሱን እያሰፋ ያጠነክረዋል፤ ከዚያ በመርፌ ለመወጋት ይመቻል። ፊስቱላ የሚባለው ይኸው ነው። ቃሉ እኛ አገር ጣጣ አለው እኮ! በወሊድ የሚመጣውን ጉዳት ሁሉም ስለሚያውቀው አንዲትን እናት "ፊስቱላ እንሠራልዎታለን" ብትሏቸው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። "ደም ሥርዎን እናገናኛለን" ማለት ይሻላል።

ፊስቱላው ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ የሚመጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ኩላሊቱ ካበቃ በኋላ ነው። ያኔ አንገቱ ላይ ቱቦ ይገባለታል። ቱቦው ወዲያው ይሠራል፣ ነፍስም ያተርፋል። ግን ጫፉ ልብ አጠገብ ስለሆነ ተሕዋስ ከገባበት ደም ይመርዛል፤ ሲቆይም ትልቁን ደም መልስ ሊያጠብ ይችላል።

መሣሪያዎቹ አልተሻሻሉም ማለቴ አይደለም። ከቆዳ ሥር ረዘም ብሎ የሚቀበር፣ ሥጋ የሚይዘው የጨርቅ ቀለበት ያለው ቱቦ አለ፤ ፀረ ተሕዋስ ያለበት ክዳንም ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ሳይቀደድ ፊስቱላ የሚሠሩ ሁለት መሣሪያዎችን ፈቅዷል። ደስ ይላል። ሆኖም አልትራሳውንድ ወይም የራጅ ክፍል፣ የሠለጠነ እጅና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ሰውየው እዚያ እስኪደርስ የሚያቆየው ግን ይኸው በር ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ለእኛ አካባቢ ትልቁ ማሻሻያ ያልተወጋ ደም ሥር ነው። ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ሕመምተኛ ላይ ግሉኮስ ስንሰካ ክንዱን ትተን የእጁን ጀርባ እንጠቀም፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም።

መጽሐፉ "ብዙ የማይሠራበትን እጅ ምረጡ" ይላል። የመንዝ አራሽ ግን በአንዱ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይይዛል፤ ሁለቱም ሠራተኛ ናቸው። እስቲ "እርፉን በየትኛው ይይዛሉ?" ብለን እንጠይቅና ደም ሥሩ ከፈቀደ ከእሳቸው ጋር እንወስን። ብርዱም አለ፤ ባና ተከናንቦ ክንድን ተንተርሶ መተኛት የተለመደ ነው፤ ፊስቱላ ያለበት ክንድ ላይ ግን አይሆንም። ጠባብ እጅጌ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ዋግምትም እንደዚሁ።

ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ቢያሳርፉበት እንደ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ይነዝራል። ንዝረቱ ከጠፋ ደሙ ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት የመዳን ዕድል አለው። የገበያ ቀን እስኪያልፍ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን መደወል፣ ካልሆነም በመጀመሪያው መኪና መውረድ ነው።