ዩኒክስ በቤት ኮምፒውተር፦ ተረትና እውነታ

ዩኒክስ ስለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ከሚወሩት የተሳሳቱ ነገሮች አብዛኞቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ በቀላሉ የማይጠፉትም ለዚህ ነው። በሙያው የተመረቀ ሰው ሳይቀር ይደግማቸዋል፤ ጀማሪው ደግሞ ሰምቶ ሳይሞክር እጁን ይሰበስባል። ይህ ያሳዝናል። ኮምፒውተር ከሥሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ ዩኒክስን ቤቱ ባለ ማሽን ላይ ጭኖ፣ ሌላ ሰው ለሌላ ማሽን የጻፈውን ፕሮግራም እዚያ ላይ እንዲሠራ ከማድረግ የበለጠ ትምህርት አያገኝም። (ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዩኒክስ የባንክና የቴሌኮም ማሽን ነው፤ ለቤት አይሆንም»

ታሪኩ የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። በ1969 ኬን ቶምፕሰን አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስን የጀመረው ፒዲፒ-7 በተባለ፣ በዚያን ጊዜም ባረጀ አነስተኛ ማሽን ላይ ነበር። ላቦራቶሪው መልቲክስ ከሚባለው ግዙፍ ፕሮጀክት በዚያው ዓመት ስለወጣ ቶምፕሰን የተሻለ ማሽን የሚገዛለት አላገኘም። በ1971 ሥርዓቱ ወደ ፒዲፒ-11 ሲዛወር የነበረው ሜሞሪ 24 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ 16ቱን ዩኒክስ ራሱ ይወስዳል፣ ለተጠቃሚው ፕሮግራም 8 ይቀራል። ዲስኩም 512 ኪሎባይት ነበር። በዚያ ማሽን ላይ የላቦራቶሪው የፓተንት ክፍል ጸሐፊዎች የዕለት ሥራቸውን ይተይቡ ነበር። በ2012 ለገበያ የቀረበው ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ከዚያ ማሽን አሥር ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ወሬው ከየት መጣ ቢባል፣ መነሻው ከአቅም ይልቅ ፈቃድ ነው። የዩኒክስ ባለቤት የነበረው ኤቲ ኤንድ ቲ በ1979 ከወጣው ሰባተኛ እትም ጀምሮ ሶርስ ኮዱ ክፍል ውስጥ እንዳይማሩበት ከለከለ። በአምስተርዳም ያስተምሩ የነበሩት አንድሩ ታነንባም ለተማሪዎቻቸው የሚያሳዩት ስላጡ ሚኒክስን ከባዶ ጽፈው በ1987 አወጡ፤ ተራ የአይቢኤም ፒሲ ላይ በፍሎፒ ይሠራ ነበር። የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስም 386 ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተሩ ላይ የጫነው ይህንኑ ሚኒክስ ነበር።

«ሊኑክስ የተገለበጠ ዩኒክስ ነው»

አይደለም። ሊኑክስ ይኸው ቶርቫልድስ በ1991 ከባዶ የጻፈው ነው። አብረውት የሚመጡት ትእዛዞች በአብዛኛው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካወጀው የግኑ ፕሮጀክት የመጡ ናቸው፤ እነሱም ከባዶ ተጽፈዋል። መልኩ ዩኒክስ ነው፣ ኮዱ ግን ሌላ ነው። በዩኒክስ ስም ለመጠራት ፈተናውን አልፎ ማረጋገጫ ያገኘ የቤት ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ማክን ይመልከት፤ የአፕል ሥርዓት ይህን ማረጋገጫ በ2007 አግኝቷል። ጥንታዊውን ዩኒክስ ራሱን ማየት የሚሻም አይከለከልም። ካልዴራ የተባለው ኩባንያ በ2002 የድሮዎቹን እትሞች በነፃ ፈቃድ ስለለቀቃቸው፣ ሲምኤች በሚባለው ማስመሰያ ፕሮግራም ሰባተኛውን እትም ላፕቶፕ ላይ ማስነሳት ይቻላል።

«በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም የትም ይሠራል»

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ዩኒክስ በ1973 ዴኒስ ሪቺ በፈጠረው ሲ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ፤ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ዘግቶ «ከዚያ በኋላ በየማሽኑ ሠራ» ይላል። እውነታው ግን ዩኒክስ ከፒዲፒ ዘር ወዳልሆነ ማሽን የተሻገረው ገና በ1977 ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ሚለር ወደ ኢንተርዳታ 7/32፣ በቤል ላቦራቶሪ ደግሞ ስቲቭ ጆንሰንና ሪቺ ወደ ኢንተርዳታ 8/32 አዛወሩት። ለዚህ ሲባል ጆንሰን አዲስ ኮምፓይለር ጻፈ፣ ሲ ቋንቋም ራሱ ተሻሻለ። ቋንቋው ያስቻለው ነገር ማዛወርን ነው፤ የማዛወሩን ሥራ ግን ሰው ነው የሠራው።

ዛሬም እንደዚያው ነው። ከፋይል ባይት በባይት እያነበበ ፋይሉ ሲያልቅ የሚቆም ፕሮግራም እንውሰድ። ባይቱን የሚያመጣው ጌትቻር የሚባለው ፈንክሽን ሲሆን፣ ፋይሉ ሲያልቅ −1 ይመልሳል። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ይህን ውጤት ቻር በሚባለው ዓይነት ውስጥ አስቀመጠው እንበል። ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ቻር ከ−128 እስከ 127 ስለሚይዝ −1 እንዳለ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙም በሰላም ይቆማል። ያንኑ ሶርስ ኮድ አንዲት ፊደል ሳትነኩ ሊኑክስ በተጫነበት ራስበሪ ፓይ ላይ ኮምፓይል አድርጉት፤ አይቆምም። እዚያ ቻር የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ነውና −1 ሲገባበት 255 ይሆናል። 255 ደግሞ መቼም ከ−1 ጋር እኩል ስለማይሆን ፕሮግራሙ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል።

ጀማሪ ይህን ሲያይ ኮምፓይለሩን ወይም ፓዩን ይጠረጥራል። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፤ የሲ ደንብ ሁለቱንም አሠራር ይፈቅዳል። ስህተቱ ከመጀመሪያውም ኢንቴሉ ላይ ነበረ። ማረጋገጥ የፈለገ ያንኑ ፕሮግራም ኢንቴሉ ላይ የጄፔግ ፎቶ ያስነብበው። የጄፔግ ፋይል የመጀመሪያ ባይት 255 ነው፤ ቻር ውስጥ ሲገባ −1 ሆኖ ይነበባል፣ ፕሮግራሙም ፎቶው ባዶ ነው ብሎ ገና ሳይጀምር ይቆማል። መፍትሔው ቻር የሚለውን ኢንት በሚባለው ሰፊ ዓይነት መተካት ነው፤ አንድ ቃል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በሁለቱም ማሽን ላይ ትክክል ይሆናል። ማዛወርን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዲሱ ማሽን የአሮጌውን ማሽን ድብቅ ስህተት ያወጣል።

«የማይዛወር ነው የተባለ ነገር አይዛወርም»

ቶርቫልድስ በነሐሴ 1991 ሥራውን ሲያስተዋውቅ ከ386 ውጭ ወደ ሌላ ማሽን እንደማይዛወር በግልጽ ጽፎ ነበር። በ1995 የወጣው ሊኑክስ 1.2 በአልፋ፣ በስፓርክና በሚፕስ ማሽኖችም ላይ ይሠራ ነበር። ጸሐፊው ራሱ «አይሆንም» ቢል እንኳ ኮዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነገሩ አልተዘጋም።

«ፎንት ከተጫነ የአማርኛው ነገር ያልቃል»

ፎንት ፊደሉን ያሳያል እንጂ ፕሮግራሙ ፊደሉን እንዲረዳ አያደርግም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው። ዩኒክስ ላይ የሚጻፍበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው ዘዴ ደግሞ ያው ኬን ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር በ1992 የፈጠረው ነው። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «ሰላም» ሦስት ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው። ሊኑክስ ላይ በተለመደው የፋይል ሥርዓት አንድ የፋይል ስም እስከ 255 ባይት ይፈቀድለታል፤ በፊደል ሲቆጠር ለእንግሊዝኛ 255፣ ለአማርኛ 85 ነው።

የድሮ ፕሮግራም ወደ ዛሬ ማሽን የሚያዛውር ሰው ከዚህም የባሰ ያጋጥመዋል። «ሰ» ፋይል ውስጥ 225፣ 136፣ 176 የሚሉ ሦስት ባይቶች ናት። ባይት ከ127 አይበልጥም ብለው የተጻፉ ፕሮግራሞች ስምንተኛውን ቢት ይቆርጣሉ፤ ማለትም ከእያንዳንዱ 128 ይቀንሳሉ። የሚቀረው 97፣ 8 እና 48 ነው፦ የላቲን «ኤ» ፊደል፣ ወደኋላ መመለሻ፣ እና ዜሮ አኃዝ። እንግሊዝኛ ብቻ ሲያነብ የኖረ ፕሮግራም ይህን ስህተት ይዞ አሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ አንድ መስመር አማርኛ ግን ወዲያው ያጋልጠዋል።

«የሼል ስክሪፕት ዩኒክስ ሁሉ ላይ አንድ ነው»

ኡቡንቱ ላይ የተጻፈ ስክሪፕት ማክ ላይ ሲሰበር ብዙ ጊዜ ሰበቡ ሴድ የሚባለው ትእዛዝ ነው። ፋይልን በቦታው የሚያርመው አማራጭ ማክ ላይ ለመጠባበቂያው ቅጂ የስም ቅጥያ እንዲሰጠው ይጠብቃል፣ ሊኑክስ ላይ ግን ግዴታ አይደለም። ሌላው ሰበብ በባሽ ሼል ልማድ ተጽፎ በተራው ሼል ስም የሚጠራ ስክሪፕት ነው፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ በዚያ ስም የሚነሳው ዳሽ የተባለ ሌላ ሼል ነው። የሼል ክፍሉ በ1992 የወጣው ፖዚክስ የተባለው ደረጃ የሚያዘውን ብቻ የተጠቀመ ስክሪፕት ከእንዲህ ያለው ጣጣ በብዛት ይድናል።

«ዊንዶውሴ መጥፋት አለበት፤ ኢንተርኔትም የግድ ነው»

ሁለቱም አያስፈልጉም። ሊኑክስን ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ዲስኩን ሳይነኩ መሞከር ይቻላል። ዊንዶውስም ከ2016 ጀምሮ ሊኑክስን በውስጡ የሚያስኬድበት መንገድ አለው። ኔትወርክ ለሚያስቸግርበት አካባቢ፣ ዴቢያን ፕሮግራሞቹን በዲቪዲ ፋይሎች መልክ ስለሚያቀርብ፣ አንድ ሰው ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ አውርዶ በሃርድ ዲስክ ለብዙዎች ማድረስ ይችላል። የኮምፒውተር ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ቢያደርጉት ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ ትንሽ ፕሮግራም ምረጡ። ኮምፓይል ሲደረግ መቶ መስመር ስህተት ቢወጣ ከላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን ብቻ አንብባችሁ አርሙ፤ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ከእሷ የተወለዱ ናቸው። ኮምፓይለሩ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ አብሩ። ከዚያ ለፕሮግራሙ ስሙም ይዘቱም በአማርኛ የሆነ ፋይል ስጡት። የሚሰበረውን ስታስተካክሉ ማሻሻያውን ለራሳችሁ አታስቀሩ፤ የማሽኑን ዓይነት፣ የኮምፓይለሩን እትምና የስህተቱን መልእክት ጨምራችሁ ፕሮግራሙን ለሚጠብቁት ሰዎች ላኩላቸው።